የሦስት መቶ አርባ አንድ ሰው ክዳን

በዚያ አገር አዲስ ነገር የሠራ ሰው፣ የሠራውን ይዞ ወደ ቀዳሚ ቤት ይሄዳል። መዝጋቢው «ከዚህ ሰው በፊት ማንም አልሠራውም» ብሎ በመዝገብ ይጽፍለትና ማህተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለ እሱ ፈቃድ ያንን ነገር የሠራ ሁሉ ሌባ ነው። ሕጉ ይህ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው። እኔ የአንደኛው ቀዳሚ ቤት በር ጠባቂ ነበርኩ፤ የምናገረውም ከበሩ ላይ ሆኜ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው።

ቀዳሚ ቤቶች ሦስት ነበሩ። አንዱ በደጋው ከተማ፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ ሦስተኛው የእኛው። የአንዱን መዝገብ ሌላው አያየውም። ከዚህ የተነሣ ኪስ ያለው የበቅሎ ኮርቻ ሦስት ቀዳሚዎች ነበሩት። ሦስቱ ሰዎች አንድ ቀን ገበያ ላይ ተገናኙና «የእኔ ነው» «የእኔ ነው» ተባብለው ዳኛ ፊት ቀረቡ። ዳኛው ሦስቱንም ወረቀት አገላብጦ አየ፣ ሦስቱም እውነተኛ መሆናቸውን አረጋገጠ፣ ሦስቱንም ሰዎች አሰረ።

ይህን የሰማ ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ደግ ማኅበር ሶፍትዌር ላከልን። በአንዱ ቤት የተጻፈው በሌሎቹም እንዲታይ፣ ሦስቱም ቤት በጋራ የሚሠራበት ነው። ዋጋ አይከፈልበትም። የማኅበሩ መልእክተኛ፣ «ለመጫን ሁለት ቀን ይበቃል። ብቻ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ» ብሎ ሄደ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ባይናገር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

አገሩ መዘጋጀት ጀመረ። መጀመሪያ የዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ከሦስቱ ቀዳሚ ቤቶች ድምር በሠራተኛ ይበልጥ ነበር። የበላዩ ሆነው የተሾሙት ክቡር ዋሲሁን ናቸው። ቁመናቸው ያማረ፣ ድምፃቸው የሞላ ሰው ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም ጀምረው ስለማያውቁ ያበላሹት ነገር አልነበረም፤ ለሹመቱም ያበቃቸው ይኸው ንጹሕ ታሪካቸው ነው። ጽሕፈት ቤቱ ቦታ ስላስፈለገው የመዝገብ ክፍላችንን ወሰደ፤ መዝገቦቹ ኮሪደር ላይ ወጡ። የጠረጴዛ ዝግጁነት ተጠና። የወንበር ዝግጁነት ተጠና። የዝግጁነት ሳምንት ተከበረ፣ ቲሸርት ታደለ፤ ለእኔም አንድ ደረሰኝ።

ከዚያ የቅጹ ነገር መጣ። የደጋው ቤት ቅጽ ሠላሳ ጥያቄ ነበረው፣ የወንዝ ማዶው ሠላሳ አራት፣ የእኛው ሠላሳ። የጋራ ቅጽ ይውጣ ተባለና ኮሚቴው ከማን ይቀነስ ብሎ አራት ወር ተከራከረ። በመጨረሻ የማንም ክብር እንዳይነካ ሁሉንም ደመረው። ዘጠና አራት ጥያቄ ሆነ። አመልካቹ ስሙን ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ስድሳ ሁለተኛው ጥያቄ፣ «የፈጠራ ሥራው ከመፈጠሩ በፊት የት ነበር?» ይላል።

ቅጹ ሲጸድቅ ምዝገባ ታገደ። «ቤት እየተቀባ እንግዳ ይገባል እንዴ?» አሉ ክቡር ዋሲሁን። ማመልከቻ መቀበል ይቻላል፤ መመዝገብ ግን ዝግጁነቱ ሲጠናቀቅ ነው።

ወይዘሮ የሻረግ የመጣችው እገዳው በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናት። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ታቅፋ ገባችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከመስኮቱ ወዲያ አቶ ቢያድግልኝ ተቀምጧል። የቤቱ አንጋፋ መዝጋቢ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጽፏል፣ ጽሕፈቱ ያማረ ነው፣ ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ሲደነግጥ ብዕሩን ይነክሳል፤ ከንፈሩ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ። ክዳን ይዤ መጣሁ።»

«የምን ክዳን?»

«የጎታ። እህል የምናስቀምጥበት የጎታ ክዳን።» ነጠላውን ገለጠችው። በክዳኑ ከንፈር ዙሪያ ጣት የሚያህል ቦይ ተቆፍሮበታል። «እዚህ ቦይ ውስጥ የተነፋ አመድ ይሞላል። ነቀዝ አመዱን አይሻገርም። ሁለት ክረምት ሞከርኩት። እንኳን ነቀዝ፣ የባሌ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልገባችበትም።»

አቶ ቢያድግልኝ ሳቀ። ከዚያ እገዳው ትዝ አለውና ብዕሩን ነከሰ።

«እናቴ፣ ምዝገባ ቆሟል። እየተዘጋጀን ነው።»

«ለምን?»

«ለመመዝገብ።»

«እስከ መቼ?»

«ዝግጁ እስክንሆን።»

«ጌታዬ፣ እኔ ችግር አለብኝ። አቶ ድንበሩ የሚባለውን ባለ ሱቅ ያውቁታል? ገበያ ላይ ከእኔ አራት ክዳን ገዛ። ጎታ የለውም። ሁለቱን ሰብሮ ውስጡን ሲያይ ሰዎች አይተውታል። እሱ ቀድሞ ካስመዘገበ እኔ የራሴን ክዳን ስሠራ ሌባ ልባል ነው። ከእኔ ጋር አምስት ሴቶች ይሠራሉ። ምድጃችንን ልናጠፋ ነው።»

«እሱንም እንመልሰዋለን። እገዳው ለሁሉም ነው» አለ አቶ ቢያድግልኝ። «እስከዚያው ቅጹን እንሙላ። ቅጹ የተሞላለት ሰው እገዳው የተነሣ ዕለት የመጀመሪያው ይሆናል።»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። እኔ ምስክር ነኝ።

ቅጹን ለመሙላት ሰባት ሳምንት ፈጀባቸው። በየሳምንቱ ከሥራዋ ተነጥላ ትመጣለች፤ ማንበብ ስለማትችል እሱ ይጠይቃታል፣ እሷ ትመልሳለች፣ እሱ በዚያ ባማረ እጁ ይጽፋል። ስድሳ ሁለተኛው ጥያቄ ጋ ሲደርሱ አፈረና ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበላት።

«ከመፈጠሩ በፊት የት ነበር ነው የሚለው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ይበሉት።» አሰበችና፣ «ከዚያ በፊት ደግሞ እግዜር ዘንድ።»

ሁለቱንም ጻፈ። በሦስቱ ቤቶች ዘጠና አራቱ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ የተመለሰበት ማመልከቻ ያ አንዱ ብቻ ነበር። ሌላው አመልካች ሁሉ መሐል ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሄዷል።

በዓመቱ መጨረሻ ከማኅበሩ አሠልጣኝ መጣ። የሦስቱ ቤት ሠራተኞችና የዝግጁነት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች በሙሉ፣ ሦስት መቶ አርባ አንድ ነፍስ፣ እኛ ግቢ ተሰበሰቡ። አሠልጣኙ፣ «ለልምምድ የሚሆን አንድ የተሟላ ማመልከቻ ስጡኝ» አለ። የሻረግ ማመልከቻ ወጣ። አሠልጣኙ አንብቦ አደነቀው። «እያንዳንዳችሁ ይህንን ኮምፒውተሩ ውስጥ ታስገባላችሁ። ማን እንደተለማመደ እንዳውቅ፣ የአመልካች ስም በሚለው ቦታ የራሳችሁን ስም ጻፉ።»

አንጋፋው ይጀምር ተባለ። አቶ ቢያድግልኝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ብዕሩን ነከሰ።

«የሰው ማመልከቻ እኮ ነው።»

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ልምምድ ነው» አሉ ክቡር ዋሲሁን። «ሰው ይጠብቃል፤ ምሳ ይቀዘቅዛል።»

አስገባው። ቀጥሎ ክቡር ዋሲሁን ራሳቸው ተቀመጡ፤ ፎቶ እንዲነሡ ነው። አንዱ ወጣት ጻፈላቸው፣ እሳቸው ወደ ካሜራው አዩ። ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ። በሦስተኛው ቀን ሦስት መቶ አርባ አንድ ሰው የጎታ ክዳን ፈጥሮ ነበር። የምስክር ወረቀት ተሰጠን፣ አበል ተከፈለን።

አሠልጣኙ ሻንጣውን እየዘጋ፣ «በሉ፣ አሁን የልምምዱን አጥፉና በአዲስ ጀምሩ። አንድ ቁልፍ መንካት ነው» አለ።

ማንም ቁልፉን አልነካም። በዚያ አገር መዝጋቢ ሥራ ሲጀምር እጁን ቀለም ብልቃጥ ላይ ጭኖ ይምላል፦ «የጻፍኩትን አልፍቅም፣ ሲፋቅ አይቼም ዝም አልልም» ብሎ። ከመዝገብ ላይ ፍቆ በሰላም የሞተ ሰው የለም ይባላል። እንግዲህ ልምምዱ መጻፍ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጉባኤ ተደረገ። የሕግ አማካሪው ተጠሩ።

«ፊደል አለው?» አሉ።

«አለው።»

«የጻፈው ሰው ነው?»

«ሰው ነው።»

«እንግዲያ ተጽፏል።»

አሠልጣኙ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ሰዓቱን አይቶ ዘጋው። አቶ ቢያድግልኝ በሃያ ስድስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ።

«ቢያንስ የሴትዮዋን ስም ከሁላችን በላይ እናስቀድመው።»

«ማስቀደም ቀን መቀየር ነው» አሉ ክቡር ዋሲሁን። «ቀን መቀየር መፋቅ ነው። ደግሞስ እገዳው ገና መቼ ተነሣ?»

አቶ ቢያድግልኝ እጁን አወረደ። ይህንንም ከልቡ ነው ያወረደው፤ ለእውነት ስል እናገራለሁ።

ሶፍትዌሩ በተመረቀበትና እገዳው በተነሣበት ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ ከበሮ ተመታ፣ ከባሕር ማዶም እንግዶች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ባለ ጉዳይ ወይዘሮ የሻረግ ናት። ጥልፍ ያለው ቀሚሷን ለብሳ፣ ክዳኗን ታቅፋ መጣች። አቶ ቢያድግልኝ ስሟንና የሠራችውን አስገባ። ኮምፒውተሩ ዓይን እስኪጨፈን አልቆየም፤ መልሱ ግድግዳው ላይ ተለቀቀ፦ «ይህ ሥራ ቀድሞ ተመዝግቧል። ቀዳሚ ባለቤቶች፦ ሦስት መቶ አርባ አንድ። አንደኛ፦ ቢያድግልኝ።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። በአንድ አፍታ ከሦስት ከተማ ፈልጎ ማግኘቱ ደንቋቸዋል። ክቡር ዋሲሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይኸው! ድሮ ቢሆን ይህችን ሴት ዝም ብለን በመዘገብናት ነበር!» አሉ። እንደገና ተጨበጨበ።

የሻረግ ማንበብ አትችልም። አጠገቧ የቆመው እኔ ነበርኩና ምን ይላል አለችኝ፤ ነገርኳት። ወደ መስኮቱ ዞረች። እስከዚያ ቀን አንቱ ትለው ነበር።

«ቢያድግልኝ፣» አለችው፣ «አፈሩን የት ቆፈርከው?»

ብዕሩን ነከሰ። ክዳኗን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

በማግስቱ ቢያድግልኝ ክቡር ዋሲሁን ዘንድ ገባ። በሩ አልተዘጋም ነበር።

«ክቡርነትዎ፣ ያ ክዳን የእኔ አይደለም።»

«ሶፍትዌሩ ያንተ ነው ብሏል። ተሳስቷል ልትል ነው? በምረቃው ሳምንት? ሪፖርቱ እኮ ሄዷል።»

«እንግዲያ ልተወው። የምተውበት ቅጽ ይሰጠኝ።»

ክቡር ዋሲሁን በዚህ ጊዜ ደግ ሆኑ። «ተው ግዴለህም። መተው ትችላለህ። አንደኛው ሲተው ወደ ሁለተኛው ያልፋል።»

«ሁለተኛው ማን ነው?»

ክቡር ዋሲሁን ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ያን ዕለት ጠዋት አቶ ድንበሩ በግ እየጎተተ በበሩ አልፎ ክቡር ዋሲሁን ዘንድ ገብቶ ነበር። ሲወጣ ብቻውን ነው። ይህን ለቢያድግልኝ ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ነገር ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ የሰው ነገር እንዳይሰረቅ ሌባ ሆኖ መቆየት ነበረበት።

የንስሐ አባቱን ጠየቀ። «ያንተ ያልሆነውን መልስ» አሉት። «አባቴ፣ በምን ቅጽ?» አላቸው። ጸሎት ላድርግበት ብለው ሄዱ።

ከዚያ የሻረግ ቤት ሄደ። ብቻውን መሄድ ስለፈራ እኔን አስከተለ። ከምድጃው አጠገብ አምስቱ ሴቶች ጭቃ ይረግጣሉ። የሻረግ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ኑ ግቡ፣ ባለቤቱ! እናንተ፣ ተነሡ እንጂ፣ የክዳኑ ጌታ መጥቷል!»

እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራት፤ ልምምዱን፣ መሐላውን፣ ሁለተኛውን ስም፣ በጉን። ሰምታ ስትጨርስ ጭቃዋን ማሸት ቀጠለች። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ እዚያው ጉልበቱ ላይ ጻፈና አነበበላት፦ «ወይዘሮ የሻረግ ክዳኑን እንድትሠራ እኔ ባለቤቱ ፈቅጃለሁ።»

«ድገምልኝ።»

ደገመላት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልበል ደግሞ?»

«አይበሉ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር። ወረቀቱን ግን ተቀበለችው፤ ምድጃው አልጠፋም።

ወር ሳይሞላ አቶ ድንበሩ አቤቱታ አስገባ። በሕጉ፣ ባለቤት የተባለ ሰው ሥራውን በገዛ እጁ መሥራት ካልቻለ ባለቤትነቱ ለቀጣዩ ያልፋል። ቀጣዩ ሹም ከሆነ አይፈተንም፤ ሹም ሁሉን ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ቢያድግልኝ በአርባ ቀን ውስጥ ምስክሮች ፊት ክዳኑን እንዲሠራ ታዘዘ። ይህ ሰው ከብዕር ሌላ ጨብጦ አያውቅም።

ወረቀቱን ይዞ የሻረግ ደጅ ቆመ። ሰማችው፣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«እጅጌህን ሰብስብ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ ወደ ሸክላው ይሄዳል። ሴቶቹ ተጫወቱበት።

«ኧረ ጭቃውን እንደ ማህተም አትምታው!»

«ተይው፣ እሱ መጀመሪያ ስሙን ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል!»

የሻረግ ግን አትስቅም ነበር። ከኋላው ቆማ እጁን በእጇ ይዛ በክዳኑ ከንፈር ዙሪያ ታዞረዋለች። «ቀስ። አትጫነው። እያዳመጥክ።» የሠራው ሁሉ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን አንድ የማይሰነጠቅ ሠራ። ድስት የወደቀበት ይመስላል፤ ቢሆንም አልተሰነጠቀም።

በአርባኛው ቀን እኛ ግቢ ሦስት ዳኞች ፊት ሠራ፤ እስኪደርቅና እስኪተኮስ ዘበኛ ቆመበት፣ በስምንተኛው ቀን ወጣ። በግራ በኩል ያበጠ፣ በቀኝ የተቀመጠ ነገር ነው። ቦዩ ግን አለ። አመድ ተሞላበት፣ ነቀዝ ተለቀቀበት። ነቀዙ ዙሪያውን ሄዶ ሄዶ ተመለሰ።

አቶ ድንበሩ፣ «ሲተኮስ ተለውጧል፤ ይህንን እሱ አልሠራውም፣ ሴትዮዋ ናት» አለ። ክቡር ዋሲሁን ይህንኑ ይጠብቁ ነበር። የሻረግን አስቀረቡ፣ መስቀል አስመጡ። ክዳኑ የእኔ ነው ማለቷ እንደማይቀር አምነዋል፤ ይህን ስንት ጊዜ በራችን ላይ ጮኻ ተናግራለች። ይህን ካለች ደግሞ ቢያድግልኝ ወደቀ፣ ሁለተኛው ተነሣ። ቢያድግልኝ ብዕር ስላልያዘ ጣቱን ነከሰ።

«ወይዘሮ የሻረግ፣ በመስቀሉ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይናገሩ። ይህን ክዳን የሠራው ማን ነው?»

ክዳኑን አነሣችው። በግራ አየችው፣ በቀኝ አየችው። መስቀሉን ተሳለመች።

«እሱ ነው» አለች። «አይታያችሁም እንዴ? እኔ ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ጠማማ ነገር ሠርቼ አላውቅም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሦስቱ ዳኞች እየሳቁ ፈረሙ። ኮምፒውተሩም፣ «ባለቤትነቱ ጸንቷል» አለ። አቶ ድንበሩ በጉን ለመጠየቅ ወደ ውስጥ ገባ፤ በጉ ግን ከተበላ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ሰባ አንደኛው ጥያቄ ነበር፦ «የጸደቀው ናሙና የትኛው ነው?» ይላል። የጸደቀው ናሙና ያው ዳኞች ፊት የተሠራው ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፣ በክር ታሰረ፣ ታሸገ። ሳምንት ሳይቆይ ተቆጣጣሪዎች ገበያ ወርደው የየሻረግን ክዳኖች ከናሙናው ጋር አስተያዩ። ቀጥ ያሉ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ክዳን ወረሱባት። ፈቃዱ የተሰጠው ለተመዘገበው ክዳን ነው፤ ከናሙናው ጋር የማይመሳሰል ክዳን ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው። የዝግጁነት ጽሕፈት ቤቱ ይህን የጋራው ሥርዓት የመጀመሪያ ፍሬ ብሎ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አወጣው፤ ፎቶም አለው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ከቢያድግልኝ ጋር ወደ ሸክላው ሄድን። የሻረግ ጭቃ አድቦልቡላ፣ በርጩማ አስጠግታ ትጠብቀው ነበር።

«ቁጭ በል» አለችው። «ያንን እንዴት አድርገህ እንዳጣመምከው አሳየኝ።»

«እናቴ፣ ሳላውቅ እኮ ነው።»

«ሳታውቅም ቢሆን አሳየኝ። ስድስት ሰው እንጀራችን እዚያ ላይ ነው።»

ተቀመጠ። አምስቱ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ከበቡት። ጭቃውን ዘረጋ፣ ጠርዙን አነሣ፣ ቦዩን በአውራ ጣቱ እየጎተተ ዞረ። ከአርባ ቀን ልምምድ በኋላ እጁ ለምዷል። ማንም ሳይናገር ክዳኑ ከጣቶቹ ስር እየተስተካከለ መጣ፤ ክቡ ሙሉ፣ ከንፈሩ እኩል፣ ቦዩ አንድ ወጥ። ሲጨርስ እጁን አንሥቶ በድንጋጤ አየው። ያማረ ነበር። በዕድሜው ከጻፈው ሁሉ ያማረ ነበር።

የሻረግ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። 

«እግዜር ይይልህ፣ ቢያድግልኝ!» አለችው በመጨረሻ። «አሁን ነው የሚቃናልህ?»

በጡጫዋ መትታ አፈረሰችው፤ ጭቃውን ሰብስባ እንደገና ፊቱ አስቀመጠችለት።